ጂ-10 የመስታወት ፋይበር ሉህ ለሳተላይት፦ ሙቀት በመከላከል ግሩም፣ ሲሠሩበት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል

ባትሪን ወይም ካሜራን ከሳተላይቱ የአሉሚኒየም አካል በሙቀት ለመለየት፣ በዋጋም በጥንካሬም ጂ-10ን የሚተካ ዕቃ በቀላሉ አይገኝም። የመስታወት ፋይበር ጨርቅ በኢፖክሲ (ሲደርቅ በሚጠነክር ሙጫ) ተነክሮ፣ ተደራርቦ፣ በሙቀት ተጨምቆ የሚሠራ ሉህ ነው። ሙቀት የማሳለፍ አቅሙ 0.3 ዋት በሜትር በኬልቪን ገደማ ነው፤ የ6061 አሉሚኒየም 167 ይደርሳል።

ሠሪዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ቡሎኑን ነው። የውጭ ዲያሜትሩ 12፣ ቀዳዳው 4.3፣ ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ የጂ-10 ቀለበት በ40 ዲግሪ ልዩነት 0.12 ዋት ያህል ብቻ ያሳልፋል። በመሃሉ የሚገባው ኤም4 (4 ሚሊ ሜትር) የማይዝግ ብረት ቡሎን ግን ብቻውን 0.56 ዋት ያሾልካል! በቲታኒየም ቢቀየር ወደ 0.24 ይወርዳል። ከሁሉ የሚሻለው ከቡሎኑ ራስ ሥር ትከሻ ያለው የጂ-10 ቡሽ (ቡሎኑ የሚያልፍበት እጅጌ) አስገብቶ ቡሎኑን በዚያ ወገን ካለው ብረት ጨርሶ መለየት ነው። ይህ ካልተደረገ ለሉሁ የወጣው ገንዘብ ከንቱ ነው።

በተራ ፑንታ መብሳት አይሞከርም፤ መስታወቱ ስለቱን ወዲያው ይበላዋል። ካርባይድ ፑንታ ይያዝ፣ ከሥር ቁራጭ ሉህ ወይም እንጨት ተደግፎ በደንብ ይታሰር፣ ፑንታው ሊወጣ ሲል ግፊቱ ይቀነስ። በቀዳዳው ዙሪያ ነጣ ያለ ክብ ከታየ ንብርብሮቹ ተላቀዋል ማለት ነው፤ ያ ቁራጭ ለበረራ አይሆንም። ብናኙ ቆዳ ያሳክካል፣ መተንፈሻንም ይጎዳል፤ ጭምብልና መምጠጫ ግድ ነው።

ትልቁ ድክመቱ በውፍረቱ አቅጣጫ የሚሄድ ፋይበር የሌለው መሆኑ ነው። ቡሎን ጠበቅ ሲደረግበት ኢፖክሲው በጊዜና በሙቀት ቀስ በቀስ ይሸሻል፣ ቡሎኑም ይላላል። ሰፊ የብረት ሮንዴላ ጭነቱን ያሰራጫል፤ ከመጀመሪያው የሙቅና ቀዝቃዛ ፈተና በኋላም ጥብቀቱ እንደገና መለካት አለበት።

ሲገዙ የስሙን ነገር ልብ ይበሉ። ጂ-10 ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ እሳት መከላከያ የተጨመረበት ኤፍአር-4 ነው። በጥንካሬ ይቀራረባሉ፤ በቫኪዩም (አየር በሌለበት) የሚያወጡት ትነት ግን በሬዚኑ (በሙጫው) ዓይነትና በተጠናከረበት መንገድ ስለሚወሰን ለዚያው ሬዚን የተደረገ የኤኤስቲኤም ኢ595 (የትነት መለኪያ ፈተና) ውጤት ይጠየቅ። በፈተናው በ125 ዲግሪ ለ24 ሰዓት በቫኪዩም ቆይቶ የሚያጣው ክብደት ከ1 በመቶ፣ በቀዝቃዛ ገጽ ላይ የሚጠራቀመው ትነት ደግሞ ከ0.1 በመቶ መብለጥ የለበትም። ካሜራ አጠገብ የሚገጠም ከሆነ፣ ውጤቱ ጥሩ ቢሆንም ከመገጠሙ በፊት በቫኪዩም ምድጃ ይጋገር፤ ያ ትነት የሚያርፈው ሌንሱ ላይ ነው።