የቡና ማሳ ልኬት አገልግሎት በጅማ፦ ከመፈረማችሁ በፊት

በጎማ፣ በማና፣ በሊሙ ኮሳና በጌራ የቡና ቀበሌዎች ስልክ የያዙ ወጣቶች ማሳ እየዞሩ ይለካሉ። የሚልኳቸው ኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ አቅራቢዎችና ላኪዎች ናቸው። ሥራው አስፈላጊ ነው፤ ጥራቱ ግን ከለኪ ለኪ በጣም ይለያያል።

መነሻው የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ምንጣሮ ደንብ ነው። ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ተመንጥሮ በተያዘ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ኅብረቱ አገሮች አይገባም። የሚገባውም ቢሆን የበቀለበት ማሳ በካርታ ነጥብ መታወቅ አለበት። አፈጻጸሙ ሁለት ጊዜ ተራዝሞ፣ ለትልልቅና ለመካከለኛ ኩባንያዎች ታኅሣሥ 21 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ ለጥቃቅንና አነስተኛዎቹ ደግሞ ሰኔ 23 ቀን 2019 ዓ.ም. ተቀጥሯል። ግዴታው የወደቀው በአስመጪው ላይ ነው፤ የገንዘብ ቅጣቱ ጣሪያም ኩባንያው በኅብረቱ ውስጥ ካለው ዓመታዊ ሽያጭ ቢያንስ 4 በመቶ እንዲሆን ተደንግጓል። ስለዚህ «ለልኬት» ተብሎ ከእሸት ቡና ዋጋ ላይ የሚቆረጥ ብር ካለ ሕጉ ገበሬውን የጠየቀው አይደለም።

ወደ ልኬቱ እንግባ። ከ4 ሄክታር ለማይበልጥ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ካለፈ ዙሪያው ይሳላል። አብዛኛው የጅማ ገበሬ ከ4 ሄክታር በታች ነው ያለው። በዚህ ሰበብ አንዳንድ ለኪ ነጥቡን ከገበሬው ደጅ፣ ሲብስም ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ወስዶ ይሄዳል። ነጥቡ ማሳው መሃል መወሰድ አለበት። ሦስት ቦታ ማሳ ያለው ሰውም ሦስት ነጥብ ያስፈልገዋል።

ጥሩ ለኪ በአቋቋሙ ይታወቃል። ዋንዛ ወይም ብርብራ ሥር ቆሞ ስልኩን ሲከፍት ከነጥቡ ጎን ያለው የስህተት መጠን 14 ሜትር ሊል ይችላል። ቅጠሉ፣ በተለይ ዝናብ ያረጠበው፣ የሳተላይቱን ምልክት ስለሚያዳክም ነው። ቸኳይ 14ቱን መዝግቦ ያልፋል። ሥራውን የሚያውቀው ግን ቅርንጫፉ ሳሳ ወዳለበት ጥቂት እርምጃ ፈቀቅ ይልና ስልኩን ከፍ አድርጎ ይጠብቃል፤ ቁጥሩ 9፣ ከዚያ 6፣ ከዚያ 4 ሲል ይመዘግባል። አንድ ነጥብ ቢበቃም ዙሪያው እንዲሳል ከተፈለገ፣ ግማሽ ሄክታር በየማዕዘኑ እንዲህ ሲለካ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በ5 ደቂቃ ያለቀ የዙሪያ ልኬት እንዲደገም ጠይቁ።

ትልቁ ጥፋት የሚደርሰው ግን ቢሮ ውስጥ ነው። የጅማ ከተማ ኬክሮስ 7.67፣ ኬንትሮስ 36.83 ገደማ ነው። ሁለቱ ከተገለባበጡ ማሳው አልጄሪያ፣ አናባ ከተማ አጠገብ ይገኛል። 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ የሚለው (አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ስለሆነ 7.67 ማለት ነው) 7.40 ተብሎ ከተጻፈ ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ይሸሻል። ደንቡ ከነጥብ በኋላ ስድስት አኃዝ ይጠይቃል፤ ፋይሉ ተከፍቶ ሲቀመጥ ሦስት ብቻ ከቀረ ስህተቱ መቶ ሜትር ያህል ሊደርስ ይችላል። በአሮጌው የአዲንዳን መነሻ (ስልኩ ከሚጠቀምበት በተለየ የካርታ ስሌት) የተሠራ የይዞታ ካርታ ሳይቀየር ከተገለበጠም ነጥቡ ከ100 ሜትር በላይ ይንሸራተታል። ግማሽ ሄክታር ማለት 70 ሜትር በ70 ሜትር ገደማ ስለሆነ ማሳው ጎረቤት ላይ ወይም ደን ውስጥ ወደቀ ማለት ነው።

የዘመን አቆጣጠሩም መዘዝ አለው። ገበሬው «በ2015 ተከልኩ» ሲል በእኛው ዓመት ነው፤ ቅጹ ግን የፈረንጁን ይጠብቃል። በተለይ 2013 ዓ.ም. የደንቡን መቁረጫ ቀን፣ ታኅሣሥ 22ን፣ መሃሉ ላይ ስለያዘ ወሩ መጻፍ አለበት። ጫት ወይም በቆሎ የነበረበት መሬት ላይ ዘግይቶ የተተከለ ቡና ችግር የለበትም፤ ቀድሞ ምን እንደነበረበት ግን መመዝገብ ይኖርበታል። ያረጀ ቡና ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ላይ ሲጎነደልና ጥላው ሲሳሳ ከሳተላይት ላይ ምንጣሮ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ጉንደላ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ማስለካትና ፎቶ ማስነሣት ይበጀዋል።

በአገልግሎቱ ላይ ያለን ብርቱ ቅሬታ የመረጃው ባለቤትነት ነው። ገበያ ብቻውን የደንን ዋጋ በቡና ኪሎ ውስጥ አያስገባም፤ መንግሥታት ጣልቃ መግባታቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ካርታው በአንድ ላኪ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ሲቀር ደንን ለመጠበቅ የወጣ ሕግ ገበሬውን ከአንድ ገዥ ጋር ያስረዋል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ነጋዴ በኪሎ ጥቂት ብር ቢጨምርለት እንኳ ቡናው «ካርታ የሌለው» ተብሎ ይመለሳል። ውድድር ሲጠፋ ዋጋ ይወርዳል። ዋጋ የወረደበት ገበሬ ደግሞ ጥላውን ቆርጦ ጫት ቢተክል ማን ይፈርድበታል? ደንቡ ሊያድነው የነበረው ዛፍ ያኔ ይወድቃል። የኢትዮጵያ ቡናና ሻይ ባለሥልጣንና የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች መግባት ያለባቸው እዚህ ላይ ነው፦ መዝገቡ የሕዝብ ይሁን፣ ገበሬው በስሙ ያውጣው፣ ለመረጠው ገዥ ይስጠው።

እስከዚያው ከመፈረማችሁ በፊት የነጥቡን ቁጥር፣ የማሳውን ስፋት፣ የይዞታ ደብተር ቁጥሩንና የለካውን ሰው ፊርማ የያዘ ወረቀት በእጃችሁ ይሁን። ቅጂ የማይሰጥ ለኪ ልኬቱ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን አንመክረውም። ልኬቱ ደህና ሆኖም መፈልፈያው በር ላይ የተለካውና ያልተለካው እሸት በአንድ ጉድጓድ ከገባ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ደንቡ ምንጩ ካልታወቀ ቡና ጋር መቀላቀልን አይፈቅድም። ማኅበራችሁ የተለካውን ቡና ለብቻ እንደሚረከብና ደረሰኙ ላይ የማሳውን መለያ እንደሚጽፍ አስቀድማችሁ ጠይቁ።