«የጂፒኤስ ሀብት ፍለጋ» ለሚሸጡላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

ጎንደር ያላችሁ፣ ለቅዳሜና እሁድ ወደ ስሜን ተራሮች ብቅ ልትሉ ያሰባችሁ፣ እኔ ተሸውጄ መጥቻለሁ። እናንተ እንዳትደግሙት።

ፒያሳ ቡና እየጠጣን ነው የተጀመረው። የአጎቴ ልጅ ስልኳን አሳየችን። «ፓርኩ አጠገብ» ያለ ሆቴል፣ ሁለት ሌሊት፣ ቁርስና እራት፣ ከዚያ ላይ «ጂኦካሺንግ»፣ ሽልማት ያለው። ለአንድ ሰው 6,500 ብር፣ አራት ሆነን ከፈልን። የሆቴሉን ስም አልጠራም፤ ዘዴውን ግን እወቁት።

ጂኦካሺንግ በጂፒኤስ ነጥብ እየተመሩ የተደበቀ ሳጥን መፈለግ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 አሜሪካ ለሲቪሉ የምትሰጠውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብላ ማዛባት አቆመች። ቀን ሳይቆይ አንድ ሰው ኦሪገን ውስጥ ባልዲ ደብቆ ነጥቡን ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። ባልዲው ውስጥ የባቄላ ጣሳ ሳይቀር ነበረበት። ያገኘ ሰው ደብተሩ ላይ ስሙን ይጽፋል፣ ዕቃ ከወሰደ ይተካል። አለቀ። የጨዋታው የስልክ መተግበሪያ በነፃ ይወርዳል፤ ከፋይ አባል ብቻ የሚያያቸው ነጥቦች ቢኖሩም ለጀማሪ ነፃው ይበቃዋል። ታዲያ እኛ የከፈልነው ለምኑ ነው?

ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትን አልፈን ደረስን። ሆቴሉ ለካ መሀል ከተማው ውስጥ ነው! ከዚያ ወደ ፓርኩ መኪና የግድ ነው። መኪናው ለብቻ ይከፈላል። የፓርኩ መግቢያም ለብቻ፣ የስካውቱም (አብሮ የሚሄደው የታጠቀ የፓርክ ጠባቂ) ለብቻ። ስካውት ይዞ መግባት ግዴታ ነው፤ ክፍያውም የሚፈጸመው እዚያው ደባርቅ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው እንጂ ሆቴል አይደለም። ይሄን አስቀድሞ የነገረን ማንም የለም። «ጥቅሉ ውስጥ የለም እንዴ?» ስንል የሆቴሉ ልጅ ፈገግ ብሎ «እሱማ የመንግሥት ነው» አለን።

ለጂፒኤስ መሣሪያው 3,000 ብር ማስያዣ ተቀበሉን። ባትሪው ግማሽ ሰዓት አልቆየም። የራሴን ስልክ አወጣሁ። ስልክ ያለ ኔትወርክም ቦታውን ያውቃል፣ ካርታውን አስቀድሞ ማውረድ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው «ሀብት» ከሆቴሉ ጄኔሬተር ኋላ ተገኘ። የእርጎ ፕላስቲክ። ውስጡ የሆቴሉ ቢዝነስ ካርድ፣ አንድ የቁልፍ መያዣ፣ አንድ ደብተር። ደብተሩ ላይ የፈረመው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የእንግዳ መቀበያው ልጅ። ባቄላው ይሻል ነበር።

ሁለተኛው ነጥብ ፓርኩ ውስጥ፣ ሳንቃ በር አካባቢ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ነውና ትንፋሽ ያጥራል። የሆቴሉ አስጎብኚ «ከድንጋዩ ሥር ነው፣ ፈንቅሉ» አለን። አራታችንም ጎንበስ ብለን ድንጋይ ስንፈነቅል ጭላዳዎቹ ሣራቸውን እየነጩ ያዩናል። ስካውቱ፣ ጠብመንጃቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳጋደሙ፣ ጠጋ አሉ። «ልጆቼ፣ ምን ጠፍቷችሁ ነው?»

«ሣጥን ነው አያ።»

«እዚህ የሚቆፈር የለም፣ ተዉ።»

አፈርን። ጎንደር ተመልሰን መተግበሪያውን ስከፍት ነጥቡ ሣጥን የሌለው ዓይነት ኖሯል። ቦታው ደርሰህ፣ ስለ አለቱ አፈጣጠር የቀረበውን ጥያቄ አይተህ የምትመልስበት። ሣጥን ያለበትም ቢሆን ያለ ቦታው ባለቤት ግልጽ ፈቃድ ቆፍሮ መቅበር በጨዋታው ደንብ ክልክል ነው፤ ለማስቀመጥም ፈቃዱ ያስፈልጋል። እኛ ደግሞ የቆምነው እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ በአደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር የወጣው ገና እ.ኤ.አ. በ2017 የሆነ ፓርክ ውስጥ ነው። እንግዳን አምጥቶ እዚያ ድንጋይ ማስፈንቀል ከገንዘቡ በላይ አናዶኛል።

ይሄን ጥቅል ልትገዙ ካላችሁ መግቢያ፣ ስካውትና መኪና መካተታቸውን በጽሑፍ አስፍሩ። ነጥቦቹን ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁና ስልካችሁ ላይ እዩዋቸው። «ከመተግበሪያው የተወሰዱ ናቸው» ካሏችሁ በነፃ ልታገኙት የምትችሉትን ነው የሚሸጡላችሁ። ማስያዣ ስትሰጡ መሣሪያውን አብርታችሁ ፎቶ አንሱት።

የኔን ማስያዣ «መሣሪያው ተበላሽቷል» ብለው እስካሁን አልመለሱም። ደረሰኙ እጄ ላይ ነው፤ ሰኞ ይዤው ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ።