መልሱ ላይ የሚቆመው ዲቪዲ

የደወሉልኝ የሙሽራዋ እናት ናቸው። «ልጄ፣ ሠርጉ ደህና ታየ። መልሱ ላይ ግን ሙሽራው ሊያጎርሳት እጁን እንደ ዘረጋ ቀረ፤ አሁንም እንደ ዘረጋ ነው» አሉኝ። ሳቄ መጣ። ወዲያው የ30 ቅጂ ደንበኛ መሆናቸው ትዝ ሲለኝ ሳቁ ጠፋ፤ ስድስቱ ቅጂዎች ባሕር ማዶ ላሉ ዘመዶች ተልከዋል።

ሠርግ መቅረጽ ከጀመርኩ 20 ዓመት አልፎኛል። ፒያሳ የነበረችው ሱቄ በ2016 ዓ.ም. ሠፈሩ ሲፈርስ ወደ አራት ኪሎ ዞራለች። ፍላሽ እያለ ዲቪዲ ምን ያደርጋል የሚለኝ አይጠፋም። ፍላሽ ላይ በሳምንቱ የልጆች ካርቱን ይጫንበታል፤ ዲቪዲ ግን ከአልበሙ ጋር ቡፌ ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ እስከ ዛሬ እጽፋለሁ፤ ከዚያ ስልክ በኋላም ሦስት ሳምንት ማታ ማታ ባዶ ዲስክና ራይተር፣ ማለትም ዲስክ የሚጽፈውን መሣሪያ፣ እያፈራረቅሁ ስመረምር ከረምኩ።

መጀመሪያ ጉርሻው ለምን እንደ ቆመ ልንገራችሁ። ዲቪዲ የሚጻፈው ከመሐል ወደ ዳር ነው። መልስ የፊልሙ መጨረሻ ስለሆነ፣ ዲስኩ ከሞላ ልክ ጠርዙ ላይ ያርፋል። የመጻፊያው ፍጥነት የሚለካው በ«ኤክስ» ነው፤ አንድ ኤክስ በሰከንድ 1.38 ሜጋባይት ገደማ ነው። «16ኤክስ» ብሎ የሚጽፍ ራይተር ዲስኩን በደቂቃ ከ9000 ጊዜ በላይ እያዞረ መሐሉ ላይ ከ6 እስከ 7ኤክስ ይጀምርና 16 የሚደርሰው መጨረሻው ላይ ብቻ ነው። በጨረር የሚጻፍበት ቀለም በርካሽ ዲስክ ላይ በደንብ የማይቀባውም፣ ዲስኩ የሚወዛወዘውም እዚያው ዳር ነው። ቤተ ክርስቲያኑ፣ አዳራሹ፣ ኬኩ በዝግታ ተጽፈው መልሱ ብቻ በሩጫ ይጻፋል ማለት ነው።

ሦስት ዓይነት ዲስክ ገዛሁ። አንደኛው ስታዲየም አካባቢ ካለ የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫ የተገኘ፣ ቨርባቲም የሚባለው የታወቀ ዓይነት ነው። ሁለተኛው መርካቶ የሚሸጥ ስም የለሽ ባለ 50 ፍሬ ነው። ሦስተኛውን የሸጠልኝ ልጅ «ጋሼ፣ ይሄ ኦሪጅናል ነው፤ ማሸጊያውን ብቻ እዩት» አለኝ። ማሸጊያው እውነትም ያምር ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ ዲስክ ውስጡ ላይ የሠሪው መለያ ኮድ አለው፤ ኮምፒውተር ያነበዋል። የቨርባቲሙ «ኤምሲሲ 03አርጂ20» ይላል፤ መሆን ያለበትም ይኸው ነው። የሦስተኛው ኮድ ማሸጊያው ላይ ካለው ስም ጋር ዝምድና የለውም።

ኮዱ ለጌጥ አይደለም። ራይተሩ ውስጥ ባለው ሶፍትዌር የታወቁ ኮዶች ዝርዝር አለ፤ ለየትኛው ዲስክ ጨረሩ ምን ያህል እንደሚበረታና እንዴት እንደሚቆራረጥ የሚወስነው ከዚያ ነው። የማያውቀው ኮድ ሲመጣበት በግምት ይጽፋል። «ጥሩ ዲስክ» ብቻውን ወይም «ጥሩ ራይተር» ብቻውን የሚባል ነገር የሌለው ለዚህ ነው።

ለመለካት አሮጌ ላይት-ኦን ራይተሬንና ኔሮ የሚባለውን ሶፍትዌር የዲስክ መመርመሪያ ተጠቀምኩ። የሚቆጥረው ማጫወቻው ራሱ አርሞ የሚያልፋቸውን ጥቃቅን ስህተቶች ነው፤ በዲቪዲው ደንብ በ8 ተከታታይ ብሎኮች (የመረጃ ክፍልፋዮች) ከ280 መብለጥ የለባቸውም። ቨርባቲሙ በ16ኤክስ ተጽፎ ጠርዙ ላይ 90 ደረሰ፤ በ8ኤክስ ግን ከ18 አላለፈም። የመርካቶው በ16ኤክስ እስከ 3.5 ጊጋባይት ድረስ ጨዋ ሆኖ ቆየና ከዚያ በኋላ ግራፉ እንደ እንጦጦ ዳገት ቀጥ ብሎ ወጣ፤ 600 ላይ ማየቱን ተውኩት። የእማማ ጉርሻ የተቀበረው እዚያ ነው። ያው ዲስክ በ8ኤክስ 120 ላይ ቆመ። ባለ ማሸጊያው ከአምስት አንዱ መሐል ላይ ተበላሽቶ ወጣ፤ የቀሩት በ8ኤክስ እንኳ ከ280 አለፉ።

ከሁሉ ያስገረመኝ 4ኤክስ ነው። ለዓመታት «በዝግታ ጻፈው፣ አይበላሽም» ስል ኖሬያለሁ፤ ተለማማጆቼንም እንዲሁ አስተምሬያለሁ። ለ16ኤክስ የተሠራው ቨርባቲም በ4ኤክስ ሲጻፍ ስህተቱ ወደ 35 ከፍ አለ፤ የመርካቶውም 200 አለፈ። ቀለሙ የተቀመመው ለፈጣንና ለብርቱ ጨረር ስለሆነ ቀስ ብሎ ሲነካ የተዝረከረከ ምልክት ይይዛል። ተለማማጆቼን ይቅርታ ልጠይቅ ይሆናል፤ አንዱ አሁን ከእኔ የሚበልጥ ስቱዲዮ አለው።

4ኤክስ ሌላም ጣጣ አለው። ሙሉ ዲስክ 15 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ በ8ኤክስ ወደ 8 ደቂቃ፣ በ16ኤክስ ወደ 6 ነው። መብራት በሚጠፋበት ከተማ 15 ደቂቃ ረጅም ጊዜ ነው። አንድ ማታ ሁለት ዲስክ በ14ኛው ደቂቃ ላይ ሞቱብኝ። 16ኤክስ ከ8ኤክስ የሚያተርፈው ግን ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ለ30 ቅጂ አንድ ሰዓት ማለት ነው። ያንን ሰዓት እከፍላለሁ።

በዩኤስቢ የሚሰካውን ስስ ራይተርም ሞክሬዋለሁ። ጣሪያው 8ኤክስ ስለሆነ በቨርባቲም ላይ 40 አካባቢ ጻፈ፤ ለቤት ሰው ይበቃል። ነገር ግን ኃይሉን የሚያገኘው ከላፕቶፑ ስለሆነ በማከፋፈያ ገመድ ስሰካው መሐል ላይ ተንተባተበ። በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ስሰካው አላስቸገረኝም። ለ30 ቅጂ ሥራ ግን ጠረጴዛ ሥር ያለው ትልቁ ራይተር ይሻለኛል።

ቨርባቲሙ ከመርካቶው በዋጋ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ለመልስና ለቅልቅል እሱን፣ ለናሙና ማሳያ የመርካቶውን በ8ኤክስ እጠቀማለሁ። ባለ ማሸጊያውን ለልጁ መለስኩለት፤ ገንዘቤን ባይመልስም ማሸጊያውን መልሶ ወሰደው።

የእማማን 30 ቅጂ በቨርባቲም እንደ ገና ጽፌ፣ አንዱን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ማጫወቻቸው ዳንቴል የለበሰ፣ ከእኔ ሱቅ የቆየ ዕቃ ነው። ወደ መልሱ አሳለፍነው። ሙሽራው እጁን ዘረጋ፤ አጎረሳት፤ ወጡ አገጯ ላይ ፈሰሰ። እማማ ይህንን ሲያዩ «ይሄንስ ብትቆርጠው ምን ነበረበት?» አሉኝ።