ላይትዲቢ በአክስቴ ሱቅ

አክስቴ ጎንደር ፒያሳ የሀበሻ ልብስ ትሸጣለች። ዕቃውንም ዱቤውንም የምትይዘው በደብተር ነበር። ጥምቀት ሲደርስ፣ ሱቁ በሰው ሲጨናነቅ፣ ደብተሩ ይጠፋል። «አንተ ኮምፒውተር ተምረህ የለ? አንድ ነገር አድርግልኝ እንጂ!» አለችኝ።

ላፕቶፗ አሮጌ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ኢንተርኔት የለም። ሰርቨር (ለብቻው የሚሠራ አገልጋይ) የሚፈልግ ዳታቤዝ፣ ማለትም የመረጃ ማከማቻ፣ ከጅምሩ አላሰብኩም። ላይትዲቢ (LiteDB) የሚባለው ዳታቤዝ ግን ለብቻው የሚጫን ነገር የለውም። ከግማሽ ሜጋባይት ያነሰ አንድ ዲኤልኤል (ፕሮግራም የሚጠቀምበት የኮድ ፋይል) ነው፤ ሲ ሻርፕ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ከጻፍኩት ፕሮግራም ጋር አብሮ ይሄዳል። ዳታው አንድ ፋይል ላይ ያርፋል። ነፃ ነው።

ቀሚስ ጥለት፣ ቁመትና ሸማኔ አለው። የብር መስቀል ደግሞ የሚመዘገበው በግራም ነው። ለሁሉም ዕቃ አንድ ዓይነት ኮለም (ዓምድ) ባለው ቴብል (ሰንጠረዥ) ብሠራው ግማሹ ኮለም ባዶ በቀረ። እዚህ እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ዶክመንት (ለብቻው የቆመ መዝገብ) ነው፤ ያለውን ይዞ ይገባል።

መብራት ሲጠፋም ፈትኜዋለሁ፤ የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። የላይትዲቢ 5ኛው ስሪት ለውጡን መጀመሪያ ከጎኑ ባለ ሎግ ፋይል ይጽፋል፣ ቆይቶ ወደ ዋናው ያዛውረዋል። መብራት ሲመጣ ያለቀው ሽያጭ ሁሉ አለ። አንድ ቀን ግን ፕሮግራሙ ክፍት እያለ ዋናውን ፋይል ብቻ በፍላሽ ገለበጥኩ። የጠዋቱ ሽያጭ ሎጉ ውስጥ ነበር፣ ቀረ። ጥፋቱ የኔ ነው። አሁን ዘግቼ ነው የምገለብጠው።

ራስ ምታት የሆነብኝ ፊደላችን ነው። አክስቴ «ፀሐይ» ብላ የመዘገበቻትን ደንበኛ ልጇ «ጸሀይ» ብላ ትፈልጋለች። የለችም! ለኮምፒውተሩ ሁለቱ የተለያዩ ስሞች ናቸው። ስሙን እንደተጻፈ ትቼ፣ ከጎኑ ፀን ወደ ጸ፣ ሐን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ የቀየርኩበት ሌላ ስም ጨመርኩ። ኢንዴክሱም (ፍለጋ የሚያፋጥነው ማውጫ) ፍለጋውም በእሱ ነው።

ቀኑንም መጀመሪያ «11/05/2016» እያልኩ እንደ ጽሑፍ አስቀመጥኩት። ጽሑፍ ከግራ ጀምሮ ስለሚደረደር መስከረም 12 (12/01) ከጥር 11 (11/05) በኋላ መጣ! አሁን ውስጥ የሚቀመጠው የፈረንጁ ቀን ነው፤ ስክሪን ላይ ሲወጣ ወደኛ ይቀየራል። ሲ ሻርፕ የሚሠራበት ዶት ኔት ካላንደራችንን ስለማያውቅ መቀየሪያውን ራሴ ጻፍኩ።

ሁለት ኮምፒውተር ላላችሁ ግን አልመክርም። ፋይሉን አንድ ፕሮግራም ከከፈተው ሌላው አይገባም። የጋራ አከፋፈት አለው፤ እሱም እዚያው አንድ ማሽን ላይ ላሉ ፕሮግራሞች ነው፣ ይዘገያልም። አክስቴ ደግሞ አዘዞ ሁለተኛ ሱቅ ልትከፍት ነው። ለዚያ ሌላ ዳታቤዝ እየፈለግኩ ነው። የእስካሁኑን ሒሳቤን በአንድ ጋቢ ዘግታዋለች።