የወሩን ቁርስና ምሳ ቀድማችሁ አትክፈሉ

ልበላ ገብቼ ተበልቼ ነው የወጣሁት። የምግብ ቤቱን ስም አልጠራም። ግን እንዲህ ዓይነት የወር ካርድ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የ26 ቀን ቁርስና ምሳ፣ በድምሩ 52 ምግብ፣ ቀድሞ ለሚከፍል 20 በመቶ ቅናሽ። ካርዱ ላይ 52 ትንንሽ ሳጥኖች አሉ። በበላችሁ ቁጥር ካሸሯ አንዱን በእስክሪብቶ ትሰርዛለች። እንደኔ ጠዋት ምድጃ መለኮስ የሚሰለቸው ሰው ይህን ሰምቶ መቼ ያስችለዋል? ከፈልኩ።

የመጀመሪያው ሳምንት ግሩም ነበር። እንቁላሉ ትኩስ፣ ዳቦው ለስላሳ፣ ሰላምታው ብቻውን ያጠግባል። በሁለተኛው ሳምንት ግን አስተናጋጇ ትእዛዜን ወደ ማብሰያው ክፍል ስትጣራ አንድ ነገር እንደምትጨምር ጆሮዬ ያዘ። «አንድ ሩዝ በስጋ!» ብላ አታበቃም፤ «የካርድ ነው!» ትላለች። ለሒሳብ መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ከጓደኛዬ ጋር ገባን። እሱ በጥሬ ገንዘብ፣ እኔ በካርድ፣ ያንኑ ምግብ አዘዝን። የሱ ሳህን ላይ አምስት ቁራጭ ስጋ፣ የኔ ላይ ሁለት፤ አንዱ ደግሞ አጥንት። የሱ ሩዝ ይጨሳል። የኔው ዳር ዳሩ ደርቋል፣ መሃሉ ቀዝቅዟል። የትናንት ነው።

በማግስቱ ካርዱን ኪሴ ውስጥ ደብቄ አዘዝኩ። ሙሉ ሳህን መጣልኝ! በልቼ ስጨርስ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ዘርጋ ሳደርገው የልጅቷን ፊት ብታዩት። ምስኪን፣ እሷ ምን ታድርግ፤ የታዘዘችውን ነው። ከዚያ ወዲህ «መጀመሪያ ካርድ አሳይ» የሚል ሕግ ወጣ።

ስጋው ቢያንስ ይቅር፤ ሩዙ ግን የጤና ጉዳይ ነው። የበሰለ ሩዝ ውጭ ሲያድር ባሲለስ ሴሬየስ የሚባል ባክቴሪያ ይራባበታል። ይህ ባክቴሪያ ስፖር የሚባል፣ መፍላትን የሚቋቋም ዘር መሰል ነገር ይሠራል። የሚያስመልሰውን መርዝ ካመነጨ በኋላ ደግሞ ምግቡን መልሶ ማሞቅ መርዙን አያጠፋውም። ስለዚህ «አሙቄልሃለሁ እኮ» መልስ አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ግልጽ ነው፦ የበሰለ ምግብ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ እስኪቀርብ ድረስ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እንደሞቀ ይቆይ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። አሞኝ ቀረሁ፣ አርፍጄ ቁርስ አለፈኝ፣ ሁለት ቀን ከከተማ ወጣሁ። ያለፈ ምግብ ወደ ሌላ ቀን አይዛወርም፤ ተቃጠለ ማለት ነው። ከ52ቱ የበላሁት 37 ብቻ ነው። የከፈልኩት ግን ቅናሹ ተቀንሶም የ41 ምግብ ተኩል ገደማ ዋጋ ነው። በአጭሩ፣ በየቀኑ እየከፈልኩ ብበላ ይረክስልኝ ነበር። 20 በመቶ ቅናሽ ሲሏችሁ ይቺን አስሉ፦ ከ52ቱ 11 ካመለጣችሁ ቅናሹ የለም። በአንድ ወር ውስጥ 11 ምግብ የማያመልጠው ማን ነው?

ቀሪውን ገንዘብ እንዲመልስልኝ ባለቤቱን ጠየቅኩት። ካርዱን ገልብጦ አሳየኝ። የጉንዳን ዓይን በሚያህል ፊደል «የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» ይላል። ሻይ እንደማይጨምርም እዚያው ተጽፏል። ቀድሜ አለማንበቤ የራሴ ጥፋት ነው፤ አልክድም።

የግድ መግዛት ካለባችሁ የአንድ ሳምንቱን ብቻ ጠይቁ። ያለፈ ምግብ እንደሚዛወር በእጃቸው አስጽፉና አስፈርሙ። ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ አንድ ምሳ እዚያ ቁጭ ብላችሁ ብሉ፤ ካርድ ለያዘው ሰው የሚመጣውን ሳህን ሰረቅ አድርጋችሁ እዩ።

የኔ ካርድ 15 ባዶ ሳጥን እንደያዘ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ትናንት በዚያ ሳልፍ በሩ ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ቅናሹ 30 በመቶ ሆኗል።