ጎንደር ላይ አስጎብኚና ፎቶግራፍ አንሺ ቀጥረን ያየነው

ከበርሊን እናቴን ይዤ ጎንደር ከርሜ መመለሴ ነው። እዚያ የተጠቀምንባቸውን አገልግሎቶች ልንገራችሁ፤ ለመሄድ ያሰበ ሰው ይጠቀምበታል።

ባጃጅ ጥሩ ነው። ሳትሳፈሩ ዋጋ ተነጋገሩ፣ በቃ። ሆቴላችን ንጹሕ ነበር፤ ሙቅ ውሃው ግን ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይጠፋል።

አስጎብኚያችን የተባረከ ልጅ ነው። ፋሲል ግቢን ሲያስጎበኘን የነገሥታት ስም እየደረደረ አላሰለቸንም። እናቴ ሲደክማት ጥላ ፈልጎ ያስቀምጣታል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብተን ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች ለማንሳት ስልክ ሳወጣ፣ "እህቴ፣ ፍላሹን አጥፊው" አለኝ ቀድሞ።

ፎቶግራፍ አንሺውን የቀጠርኩት ለፋሲል ግንብ ነበር። ሀበሻ ቀሚስ፣ ግንብ፣ እናትና ልጅ፤ የዲያስፖራ ወግ ነው እንግዲህ። ልጁ ሥራውን ያውቃል፣ ብርሃን ይገባዋል። ፓኬጁ ቁስቋምንም ይጨምራል ሲለኝ እሺ አልኩ።

ደብረ ፀሐይ ቁስቋም የእቴጌ ምንትዋብ ደብር ናት። የግንቡ አብዛኛው ክፍል ፈርሷል። የእቴጌዋ፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አፅም በመስታወት ሣጥን ውስጥ ይታያል። አስጎብኚያችን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረን። ልጃቸው እ.ኤ.አ. በ1755 አረፈ። የልጅ ልጃቸውን በ1769 የትግራዩ ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑል አስገደለው። እሳቸው ግን እስከ 1773 ኖሩ።

እናቴ እዚህ ላይ አለቀሰች። ለእቴጌዋ አይደለም። ወንድሟ በቀይ ሽብር፣ በ1970 ዓ.ም.፣ ከዚሁ ከተማ ተወስዶ በዚያው ቀረ። አያቴ ሬሳውን እንኳ ሳታገኝ ሞተች። በደርጉ የጎንደር አስተዳዳሪ በመላኩ ተፈራ ዘመን እንደሷ ልጇን የተቀማች የጎንደር እናት ብዙ ናት። ከጎናችንም አንዲት አሮጊት ያነባሉ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ ሐዘናቸው ትኩስ ነው።

ካሜራው መንጣጣት የጀመረው ያኔ ነው። መጀመሪያ ወደ እናቴ፣ ቀጥሎ ወደ አሮጊቷ ዞረ። አስጎብኚው እጁን ሌንሱ ፊት አደረገና፣ "ወንድሜ፣ እማማን አስፈቅደሃቸዋል?" አለው። ልጁ አልደነገጠም፤ ጥያቄው ራሱ ነው ያልገባው። ስንወጣ "ሰው እኮ የሚወደው እንዲህ ዓይነቱን ነው" አለኝ።

ማታ ፎቶዎቹን በቴሌግራም ላከ። ከመሃላቸው አንድ አጭር ቪዲዮ አለ። የአሮጊቷ ፊት ቀረብ ብሎ፣ እንባቸው ሲወርድ፣ ከሥሩ ዋሽንት። ለካ ለቲክቶክ ገጹ ማስታወቂያ ያዘጋጀው ነው! አጥፋው ብዬ ደወልኩ። "ስማቸው አልተጻፈ፣ ምን ችግር አለው?" አለኝ። ጎንደር ውስጥ? ለቀስተኛው፣ ጎረቤቱ፣ የእድሩ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው በፊታቸው ነው።

ናዚዎች ለጨፈጨፏቸው አይሁዶች መታሰቢያ በርሊን ውስጥ የቆሙ ከ2,700 በላይ የኮንክሪት ብሎኮች አሉ። ላያቸው ላይ ወጥቶ ሰልፊ የሚነሳው ጎብኚ ብዙ ተወቅሷል። የናዚዎች የሞት ካምፕ በነበረው ኦሽዊትዝም የሟቾቹ ፀጉር የተቀመጠበት ክፍል ውስጥ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ለሙታኑ ክብር የሚሟገት አለ ማለት ነው፤ ደግም ነው። ቆሞ ለሚያለቅሰው ሰው የሚሟገት ግን እምብዛም አልሰማሁም።

እውነቱን ለመናገር የእናቴ ፎቶ ግሩም ነው። እሷው ራሷ "ይቺን አሳጥቢልኝ፣ ቁርጥ እናቴን መስያለሁ" አለችኝ። ስለዚህ የሚያለቅስ ሰው አይነሳ አልልም። እሷ ፎቶውን አየችው፣ ወደደችው፣ ቤቷ ሰቀለችው። አሮጊቷ ግን መነሳታቸውንም አያውቁም።

እንግዲህ ፎቶግራፍ አንሺ ስትቀጥሩ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ሁለት ነገር ተነጋገሩ፤ የሌላ ሰው ፊት እንዳያነሳ፣ የእናንተም ፎቶ የት እንደሚለጠፍ። ለፋሲል ግንብ ከሆነ ይሄንኑ ልጅ መልሼ እቀጥረዋለሁ። ቁስቋም ግን ከአስጎብኚው ጋር ብቻ ሂዱ። የመጨረሻውን ክፍያ የላክሁለት ቪዲዮውን አጥፍቻለሁ ካለኝ በኋላ ነው። ገጹን አሁንም አልፎ አልፎ እከፍተዋለሁ።