ሚኮኖስ ላይ ዓሣ ከማዘዛችሁ በፊት

በክሩዝ መርከብ ወደ ግሪክ ደሴቶች ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ ይቺን አንብቡልኝ። እኔና እህቴ ሚኮኖስ ላይ ለአንድ ምሳ 208 ዩሮ ከፍለን ነው የመጣነው።

ደሴቷስ እንከን አይወጣላትም። ትልልቆቹ መርከቦች ቱርሎስ በሚባለው አዲሱ ወደብ ይቆማሉ፤ ከዚያ በትንሽ ጀልባ አሮጌው ወደብ ትደርሳላችሁ። ነጫጭ ቤቶች፣ የነፋስ ወፍጮዎች፣ ማዕበሉ ከበረንዳ ሥር የሚመታባት፣ ትንሿ ቬኒስ የሚሏት ሰፈር። ሆዳችን እስኪጮህ ዞርን።

የምግብ ቤቱን ስም አልጠራም። በር ላይ የቆመው ልጅ "ከየትኛው መርከብ ናችሁ? ስንት ሰዓት ነው የምትነሱት?" አለን። ጨዋታ መስሎን ነገርነው። አስተናጋጁ ደግሞ ሜኑ ሳያመጣ በረዶ ላይ ከተደረደሩት አንዱን ዓሣ አንስቶ "ይሄ ለሁለት ይበቃችኋል" አለ። እሺ አልን። ዋጋ አልጠየቅንም። እዚህ ላይ ጥፋቱ የኛ ነው፣ አልክድም።

ግሪክ ውስጥ ትኩስ ዓሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠው በኪሎ ነው። ይሄ ልማዳቸው ነው፣ ማጭበርበር አይባልም። ችግሩ ፊታችሁ ሳይመዝኑ ወስደው ሲጠብሱት ነው። ቁርጥ ቤት ስንገባ እኮ ሥጋው ፊታችን ነው የሚመዘነው! ያን ቀን ምን እንደነካን እንጃ። ሂሳቡ ሲመጣ 1.4 ኪሎ፣ ኪሎው በ110፣ 154 ዩሮ ይላል። የተበላ ዓሣ ማን ይመዝነዋል? በዚያ ላይ ያላዘዝነው ዳቦ 10፣ ውሃ 8፣ ሁለት ቢራ 36።

ልከራከር ስል አስተናጋጁ ሰዓቱን አየት አደረገና "መርከባችሁ እንዳያመልጣችሁ" አለ፣ ፈገግ ብሎ። የበሩ ላይ ጥያቄ ያኔ ገባኝ። መርከብ የሚጠብቀው ሰው አይከራከርም፣ ከፍሎ ይሮጣል። እኛም ከፍለን ሮጥን።

ስለዚህ ዓሣ ካማራችሁ የኪሎውን ዋጋ ሜኑ ላይ እዩ፣ ጥሬውን ፊታችሁ አስመዝኑ፣ ድምሩን ሳይጠበስ አስነግሩ። ዳቦውን ካልፈለጋችሁት ገና ሲቀርብ መልሱት። ደረሰኝም ጠይቁ። እዚያ አገር ሕጋዊ ደረሰኝ ካልተሰጠው ደንበኛው የመክፈል ግዴታ የለበትም፤ ብዙ ሜኑ ላይም ተጽፎ ታገኙታላችሁ። የቱሪስት ፖሊስ ስልክ 1571 ነው። መርከባችሁ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ለሚጠይቃችሁ ደግሞ "እዚሁ ነው የምናድረው" በሉት።